«ፊላው ዝጓል» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ዛሬ በእኔ ቃል ሌላ ሰው ሲመሰገን ቆሜ አየሁ።

ሰፈራችን ባትሪ ከሚታደስበት ጋራዥ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት በኩል ፊላ በቅሏል። ጠዋት አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳየው ቀይ ነው። «ዝጓል» አልኳት ጓደኛዬን ዘይነብን።

«ተክል ይዝጋል እንዴ አንቺ? ሚስማር መሰለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጣች። «ይህን ሁሉ የባትሪ እርሳስ እየጠጣ ፊላው ለምን አይሞትም?» ብላ ጠየቀችን።

 ዘይነብ ከእኔ ቀድማ «ሥሩ ዝጎ ነዋ!» አለቻት።

«ጎበዝ! ከሥሩ የሚወጣው አየር ጭቃው ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። እርሳሱ ዝገቱ ላይ ተይዞ ስለሚቀር ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ጥቂት ነው» አለች ተመራማሪዋ። ነገ አርዲቦ ሐይቅ ስትሄድ ረዳት አድርጋ ልትወስዳት ነው። ዘይነብን!

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ፊቴ ግን አላገዘኝም መሰለኝ፣ «ምነው አመመሽ?» አለችኝ። «ፀሐይ ነው» አልኳት። ሰማዩ ደመና ነበር።

አሁን መልእክት ላከችልኝ፦ «ወላሂ ሌላ የማውቀው የለኝም። ነገ ምን ልበላት? ንገሪኝ የኔ ዓለም።» (ይህን እዚህ የለጠፍኩትን አታየውም፤ እሷ ቲክቶክ ላይ ናት።)

«ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። መላኪያውን ግን እስካሁን አልነካሁትም።

እናንተስ ያላችሁትን ሌላ ሰው ቀድሞ ሲናገርባችሁ ምን አደረጋችሁ? ልላከው?