አረንጓዴ ቀለም ያለበት ሸክላ

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ሽታ መቋቋም አልችልም። ጥፍር ቤት በር ላይ ሳልፍ እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሮጠው። ጓደኞቼ ኩራት ይመስላቸዋል። አይደለም። ልጅ እያለሁ፣ በስደት ባደግኩበት ከተማ፣ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር በነበረው የኪራይ ቤታችን ገራጅ ውስጥ፣ በአንዲት ጠርሙስ አሴቶን የሠራሁት ሥራ አለ። ሽታው ሲመጣ ሥራዬም አብሮ ይመጣል።

አባቴ ይመር ሸክላ ሰብሳቢ ነበር። ሸክላ ስል ያንን የድሮውን፣ ጥቁሩን፣ መርፌ ሲያርፍበት የሚዘፍነውን ማለቴ ነው። የእናንተ አባቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ወይ ኳስ ያዩ ነበር ወይ ይተኙ ነበር። የኔው ሳምንቱን ሙሉ ያራቪል ሰፈር ካለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ይከርምና፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ከአልጋ ጎትቶ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ኦፕ ሾፕ ወደ ሌላው ኦፕ ሾፕ ያዞረኛል። የሰው ልብስና የእርጥብ ካርቶን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የፈረንጅ ሸክላዎችን አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ የተሰቀለውን ኮት ሁሉ እለካለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከዚያ ካርቶን ውስጥ አንድም የሐበሻ ሸክላ ወጥቶ አያውቅም። መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲያስነሳ ሁልጊዜ አንድ ቃል ብቻ ይላል፦ «ምናልባት በሚቀጥለው።»

የሐበሻ ሸክላዎቹ የሚመጡት በሰው ነበር። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ካለ አባዬ ሄዶ ይለማመጠዋል። ሰውየው ሲመለስ ከሻንጣው፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሃል፣ በፎጣ የተጠቀለሉ ሸክላዎች ይወጣሉ። ስለዚህ ገራጃችን መኪና ገብቶበት የማያውቅ፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ገራጅ ነበር። መደርደሪያውን አባዬ ከመጋዘን ባመጣው የተጣለ እንጨት ራሱ ነው የሠራው። ሸክላ ከመንካቱ በፊት ሄዶ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ያደርቃል፤ ከዚያ በመዳፎቹ መሃል ጠርዙን ብቻ ይይዘዋል። የበጋው ሙቀት አርባ ሲገባ ሸክላዎቹን ተሸክሞ ሳሎን ያስገባና፣ ያለንን አንድ ቬንትሌተር ወደነሱ ያዞረዋል። እኛ በላብ እንጠመቃለን፣ እነሱ ነፋስ ይበላሉ።

እማዬ ጣውንቶቼ ትላቸው ነበር። «ሦስት መቶ ጣውንት! ሸሪዓው እንኳ ከአራት በላይ አይፈቅድም፣ አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። እሱ ይስቅና «ዝም የሚሉት እኮ እነሱ ብቻ ናቸው» ይላታል።

ለምን እንደሚሰበስብ የገባኝ በኋላ ነው። ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። አባዬ ሰዒድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ደሴ ውስጥ ሸክላ በመሰብሰብ የታወቀ ጎረምሳ ነበር አሉ። በነሱ ጊዜ ጭፈራ ሲኖር ሁሉም የራሱን ሸክላ ይዞ ይሄዳል፤ እንዳይቀላቀልበት ደግሞ መሃሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍበታል። ሰዒድ የሚጽፈው በአረንጓዴ ቀለም ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ከቤት ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ቤተሰቡ ፍተሻ ፈርቶ ፎቶውንም ደብዳቤውንም አቃጠለ። የተረፉት ሸክላዎቹ ነበሩ። እነሱን ደግሞ የሸጣቸው አባቴ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ወደ ጅቡቲ ለመውጣት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን ሁሉ የሸጠውን ሲፈልግ ነው የኖረው። እኔ ግን ዘፈን የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ገራጁ ውስጥ ሥራ ነበረኝ። እሱ ሸክላውን ሲያወጣ ባዶውን ሽፋን በሁለት እጄ ይዤ እቆማለሁ፤ ሌላ ቦታ ለአንድ ደቂቃ የማልቆመው ልጅ እዚያ እንደ ሐውልት ነበርኩ። ግን አንድ ቀን፣ እሱ ውስጥ ሆኖ እየሰማ፣ እኔ ውጪ ሆኜ ኳስ ከገራጁ በር ጋር አላተምኩት። መርፌው ዘለለና ሸክላውን ጫረው። አባዬ ወጥቶ ኳሱን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ሐያት፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትገቢ» አለ። እንደ ወትሮው ሐዩ አላለኝም። ሐያት። ያ ክረምት እንዴት እንደረዘመ አትጠይቁኝ። ቅዳሜም ብቻውን መሄድ ጀመረ።

ከዚያ የሚሌኒየሙ ሰሞን መጣና ሰው ሁሉ አገር ቤት ጎረፈ። ከተመላሾቹ አንዷ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣችለት። እኔ በገራጁ በር ስንጥቅ ነበር የማየው። አባዬ ፎጣውን ፈታ፤ አንዱን ሸክላ ካወጣ በኋላ ሌሎቹን አልነካም። የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አለና ክቡን ወረቀት እያየ ቆየ። አላጫወተውም። ቀይ ወረቀት ላይ የተሞነጫጨረ አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር፦ አማርኛ እሰማለሁ፣ ስቆጣም እናገራለሁ፣ ፊደል ግን አንድም አላውቅም ነበር። ለኔ ያ ሙንጭርጭር ነው።

እሑድ እሑድ ሁለት ሰዎች ይመጡ ነበር። አንዱ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ኮፍያቸውን እንቅልፍ ላይም የማያወልቁ የሚመስሉ የአዲስ አበባ ሰው። ሌላው ግሬግ የሚባል ፈረንጅ ነው፤ ሻይ በአማርኛ ማዘዝ አይችልም፣ የሐበሻ ሸክላዎች ላይ የታተመውን ቁጥር ግን በቃሉ ይወጣዋል። እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ በወጉ አይባባሉም፤ ዐይናቸው ካርቶን ላይ ነው። አንዱ አዲስ ነገር ሲያወጣ ሌላው ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ያን እሑድ ሽፋን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም፤ ሻይ ለማቅረብ ብቻ ተፈቅዶልኝ ገብቼ፣ ቶሎ እንዳልወጣ ስኒውን በጣም ቀስ ብዬ ነበር የማስቀምጠው።

ጋሼ ተፈራ ያቺን ሸክላ ሲያዩ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ይመር፣ ይቺን ስጠኝና መኪናዬን ውሰድ» አሉ።

«የእርስዎን መኪና ገፍቼ ነው የምወስደው?» አለ አባዬ።

ግሬግ ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘወር ዘወር አደረገና ከንፈሩን መጠጠ። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገረው፤ እኔ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ሸክላው ምንም አልሆነም፣ እንዲህ ያለ አይገኝም፣ ግን አንድ ሰው መሃሉ ላይ ጽፎ አበላሽቶታል፤ ንጹሕ ቢሆን ከዕቃዎቼ የፈለግከውን መርጠህ ትወስድ ነበር አለው። አባዬ ከእጁ ቀስ ብሎ ተቀበለውና ሽፋኑ ውስጥ ከተተው። ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ያነበብኩት ፊት የሐፍረት ፊት ነበር፤ በቆሻሻ ዕቃ እንግዳ ፊት የተዋረደ ሰው ፊት። ፊደልም ፊትም ማንበብ የማልችል ልጅ ነበርኩ ማለት ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አባዬ ሥራ ሄዷል፣ እማዬ ጋደም ብላለች። እማዬ ለሶላት ውዱእ ከማድረጓ በፊት የጥፍር ቀለሟን የምታስለቅቅበትን አሴቶን ከመታጠቢያ ቤት አነሳሁ። ጥጥም ያዝኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ አደረቅኩ። ሸክላውን እሱ እንደሚይዘው ጠርዙን ይዤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ጥጡ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ጥጥ፣ ሌላ ጥጥ። ጠብታ ወደ ጥቁሩ እንዳትሄድ ምላሴን ነክሼ ነበር የምሠራው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሌላ ሥራ የለም። ሲያልቅ ቀዩ ወረቀት አንድ ጎኑ ትንሽ ነጣ እንጂ ሙንጭርጭሩ ድራሹ ጠፋ።

መኪናው ሲመጣ አጥሩ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ እጁን ይዤ ወደ ገራጁ ጎተትኩት። እንደ ልማዱ ታጥቦ ገባ። ሽፋኑን እኔ ያዝኩ፣ እሱ አወጣ። ወደ በሩ ብርሃን ሄደ። ሸክላውን አዘነበለ፤ ወዲያ አዞረው፣ ወዲህ አዞረው።

«እዚህ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

«ቆሻሻው? አጸዳሁልህ!»

ይጮሃል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ቆይቶ፣ በጮኸና በመታኝ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። የለስላሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። አውራ ጣቱን በነጣው ቦታ ላይ አሳለፈ። ያ ሰውዬ የሸክላ ወረቀት በጣቱ ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ጎሽ» አለ። «በይ እጅሽን ታጠቢ፣ ይሸታል።»

የነገረችኝ እማዬ ናት፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳታየኝ። «ስሙ ነበር እኮ። ሰዒድ በገዛ እጁ የጻፈው ስሙ። ከሰውየው የቀረ ሌላ ነገር የለም።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንቺ ምን ታደርጊ። ፊደል ያላስተማርንሽ እኛ።»

ገራጅ መግባት ተፈቀደልኝ። የተመኘሁት እሱ ነበር፤ አገኘሁት። ግን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ የሚጎትተኝ አጣሁ። ተነስቼ ለባብሼ ስጠብቅ አባዬ ሶፋ ላይ ነው። «ዛሬ ደክሞኛል» ይላል። በሚቀጥለውም ደከመው። «ምናልባት» የምትለዋ ቃል ከቤታችን ወጣች። ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን ስንገባ ሸክላዎቹን በሙሉ ለግሬግ ሰጣቸው፤ ያቺን አንዷን አስቀርቶ። እማዬ መኪናው ተጭኖ ሲሄድ በር ላይ ቆማ «ጣውንቶቼ የሄዱ ለት እልል እላለሁ ብዬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ» አለች።

አሁን ሃያዎቹን እያጋመስኩ ነው። ፊደሉን ከሐበሻ ሱቅ በገዛሁት የልጆች ገበታ ብቻዬን ቆጠርኩት፤ ይሄው እየጻፍኩበት ነው። መጀመሪያ የለቀምኩት የትኞቹን ሦስት ፊደላት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የአባዬ በሽታም ወደ እኔ ተዛውሯል። ያኔ እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ካርቶን ይገለብጥ ነበር፤ እኔ ከሺፍት ስመለስ ባቡር ውስጥ ስልክ እገለብጣለሁ። የሐበሻ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ዛሬ በየአገሩ አለ። ሁሉም ንጹሑን ይፈልጋል፤ እኔ የምፈልገው የተጻፈበትን ነው። ለሻጮቹ የምልከው መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ የመሃሉን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ጽሑፍ ካለበት እባካችሁ አትጥረጉት።

ባለፈው ወር አንድ ፎቶ ደረሰኝ። አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ፊደሉ ግማሹ ደብዝዟል፤ መጀመሪያው ሰ ይመስላል። ያኑ ለት ፖይንት ኩክ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባዬ ሶፋው ላይ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ነገርኩትና ስልኩን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ ተነሳና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ውኃው ሲወርድ ሰማሁ፤ ሳሙናው ሲቀመጥም ሰማሁ። አድርቆ መጣና መነጽሩን አደረገ። ስልኬን በሁለት መዳፎቹ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየ።

«አይደለም» አለ። «የሱ አይደለም፣ ሐዩ።»

ስልኩን፣ መስተዋቱን በጣቱ ሳይነካ፣ መለሰልኝ።