ወደ ጋሽ ይርዳው የሰንጠረዥ ቤት

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ከቤት ስንወጣ ገና አልነጋም። አባቴ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል። በብብቱ የያዘውን የጨርቅ ከረጢት ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረው። የልቡን መድኃኒት እኔ ይዣለሁ፤ ከረጢቱን እሱ ይዟል። እንዲህ ተከፋፍለን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን።

አባቴ ጌታሁን ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ተወልዶ ያደገው ደብረ ታቦር ሲሆን እዚያ ከአብሮ አደጎቹ የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ጋሽ ይርዳው በግቢው ካሉት ሁለት ቤቶች አንዱን የሰንጠረዥ ሙዚየም አድርገውታል። ሰንጠረዥ ማለት ዛሬ የምናውቀው ቼዝ ሳይመጣ መኳንንቱም ካህናቱም ሲጫወቱት የኖሩት የአገራችን ቼዝ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለዓመታት በስልክ ተጫውተውታል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ፈረሴን ከደርህ ፊት አቁምልኝ» እያለ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማው ነበር፤ ደር የሚሉት በቼዝ ግንብ የምንለውን ነው።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋና ጨዋታው መሃል ላይ ቀረ። ሲመለስም ጋሽ ይርዳው ስልክ አያነሱም። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ «ጌታሁን ዛሬ ነገ ሳይል ይምጣ» የሚል መልእክት አደረሰልን። ለምን እንደሆነ አልተነገረውም። ሐኪሙ አባቴን ረጅም መንገድ ከልክሎታል፤ መንገዱ ደግሞ በዚህ ጊዜ ለጤነኛም የሚመከር አይደለም። ለምኜው እምቢ ሲለኝ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ተነሣሁ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አያቴ ከቀንድ የቀረጸው ሰንጠረዥ ነው። ለሙዚየሙ ሊሰጠው ነው።

«በወረታ ነው የምንሄደው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ሐሙሲት ስንደርስ የሚሉንን እንሰማለን» አለኝ። ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ የተከራከረ አልነበረም።

ረፋድ፣ ሐሙሲት

ገበያ ነው። ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሴቶች፣ የጤፍ ጆንያ የተጫኑ አህዮች፣ በአስፋልቱ ዳር የተከመረ ሸንኮራ አገዳ፣ ፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ። ሕይወት እንደ ወትሮው የምትሄድ ትመስላለች። ጾም ስለሆነ ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝን። አባቴ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ።

ሹፌሩ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ቆሞ ያወራል። ሁሉም የሚያዩት ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ከወዲያ የመጣ መኪና የለም» አለን። «ከጠዋት ጀምሮ አንድም አልመጣም።»

መንገድ ተዘግቷል ወይም ተኩስ አለ ቢለን ይሻለኝ ነበር። ከወዲያ የመጣ መኪና አለመኖሩ ግን ምንም አይነግርህም፤ የሆነውን ሁሉ ራስህ ነህ የምትገምተው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ማተባቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ወጣት ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

«እኛም እንመለስ፣ አባዬ» አልኩት።

«በአንበሳሜ በኩል ይሄዳሉ» አለኝ፤ ሹፌሩ ገና ሳይወስን።

ቀትር፣ ከአንበሳሜ በላይ

አንበሳሜን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ መንገዱ አቧራ ሆነ። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ ተከምሯል፤ ከፍ ስንል ገብስና ስንዴ ይተካል። ብርዱም አብሮ ይጨምራል። በሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱን ከፍቼ አየው ነበር። አሁን የማየው እያንዳንዱን መታጠፊያ ነው።

ከአንዱ መታጠፊያ ወዲያ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። የታጠቁ ወጣቶች ቆመዋል። የየትኛው ወገን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ሁላችንም ወረድን።

አንደኛው ፈታሽ አባቴ ዘንድ ሲደርስ ከረጢቱን ከውጭ ዳበሰው። እጁ ቆመ። እንደገና ዳበሰው። የቀንዱ መደቆች፣ ማለትም እንደ ወታደር ከፊት የሚሰለፉት ትናንሾቹ፣ ጣት የሚያካክሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ለስላሳና ከባድ ናቸው። በዚያች ቅጽበት እሱ ያሰበውን እኔም አሰብኩት።

«ጥይት ለማን ነው የሚወስዱት፣ አባቴ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ጠመንጃውን ግን ከትከሻው አወረደ።

 ከአባቴ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ቀስ እያሉ ራቁ። 

አባቴ መሬት ላይ ተንበረከከና የከረጢቱን አፍ ፈታ። ቀዩን ጨርቅ አነጠፈ፤ ባለ ጥቁር መስመሩን፣ ገበታ የሚሉትን። ቀንዶቹን በላዩ ላይ ዘረገፋቸው። «ሰንጠረዥ ነው ልጄ» አለ። «እንደ ቼዝ ያለ። አባቴ ነው የቀረጸው።»

አለቃቸው መጣ። በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። አንዱን መደቅ አንሥቶ በፀሐይ አገላብጦ አየው።

«አገር እንዲህ ሆኖ ጨዋታ ይዘው ይዞራሉ?»

«የታመመ ጓደኛ ልጠይቅ ነው» አለ አባቴ። መታመሙን የነገረው ሰው አልነበረም።

አለቃው ጥቂቶቹን ቀንዶች ይዞ ከድንጋዩ ወዲያ ወዳለች ጎጆ ሄደና «ጠብቁ» አለን። ሹፌሩ ወደ ፀሐይዋ አየ፣ ወደ ተሳፋሪዎቹ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «እኅቴ፣ አትቀየሚኝ። ሳይመሽ እነዚህን ማስገባት አለብኝ።» ልቆጣው ፈለግሁ፤ እውነቱን መሆኑን ግን አውቅ ነበር። ሚኒባሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ዳር ዳሩ ገርጥቷል። ኪኒኑን ከምላሱ ሥር አደረግሁለትና የእጁን ትርታ ያዝኩ። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። እዚህ ቢወድቅ በምን እንደምወስደው፣ ለማንስ ደውዬ እንደምነግር አሰብኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።

አለቃው ሲመለስ ቀንዶቹን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። የአባቴን ፊት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ከተታቸው።

«የታመመ ሰው ይዘሽ ለምን ወጣሽ?» አለኝ።

«እምቢ አለኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በእስቴ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ድንች ሊጭን የሚሄድ አይሱዙ ሲደርስ እሱ ራሱ አስቆመልን። የጭነት መኪናውን ሹፌር «እነዚህን ደብረ ታቦር አግባ» አለው። አባቴን ደግፎ ወደ ጋቢና ያወጣው ያ ጠመንጃ ያወረደው ፈታሽ ነው። አላመሰገንኩትም። 

አመሻሽ፣ ደብረ ታቦር

የጉና ተራራ ራሱን በጉም ተከናንቧል። ከተማዋ ውስጥ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይቸኩላል። አባቴ ሰፈሩን ሳይጠይቅ አገኘው። የጋሽ ይርዳው ግቢ በር ላይ ግን ቆመና ማንኳኳት አቃተው። ጎረቤት ያሉ አንድ አረጋዊ ነጋዴ ሱቃቸውን እየቆለፉ አዩት፤ አወቁት መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

አባቴም ያን አየ። «ቀደመኝ» አለ በሹክሹክታ።

ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። የከፈቱልን የጋሽ ይርዳው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። የለበሱት ነጭ ነው። ጥቁር አለመሆኑን ሳይ ትንፋሼ ተመለሰ።

«አሉ» አሉን፤ ጥያቄያችንን ሳይጠብቁ። «ግን ጋሽ ጌታሁን፣ እንደ ድሮው አይጠብቋቸው።»

ጋሽ ይርዳው አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከክረምት ጀምሮ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ንግግርም ጠፍቷቸዋል። አባቴ ጉንጫቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጋሽ ይርዳው አዩት፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ፈገግ አሉለት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መልእክቱን የላኩት ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ። ራት ላይ ነገሩን። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው ሙዚየሙን ዘግተው፣ ዕቃውን በመኪና አስጭነው እንዲመጡ ይለምኗቸዋል። «ቤቱ ቢቃጠልስ? ቢዘረፍስ? ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እሳቸውን ብጠይቅ በሁሉም ነገር ፈገግ ይላሉ። ቤቱን ከእሳቸው ጋር ያቋቋሙት እርስዎ ነዎት። ምን ላድርግ?»

አባቴ «ነገ ልየው» ብቻ አለ።

በማግሥቱ

የሰንጠረዥ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ የመስተዋት ቁም ሣጥኖቹ ጋሽ ይርዳው ራሳቸው የሠሯቸው። ጋሽ ይርዳው አናጢ ነበሩ። በበሩ ትይዩ አባቴ በወጣትነቱ የሣለው ካርታ ተሰቅሏል፦ ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ፣ ፋርስን አልፎ፣ በዓረቦች በኩል ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ በቀይ መስመር ያሳያል። የንጉሡን አማካሪ ፈርዝ፣ ዝሆኑን ፊል የሚሉት ስሞች የመጡትም በዚያው መንገድ ነው።

ከአጥንት የተሠራ፣ ከመዳበስ ብዛት ንጉሡ ከፈርዙ የማይለይ ሰንጠረዥ አለ። ትናንት ሱቃቸውን ሲቆልፉ ያየናቸው ጎረቤት ሐጂ ኑሩ የሰጡት፣ ምንም ምስል የሌለበት፣ ቅርጹ ብቻ የሚናገር አለ። እስር ቤት ውስጥ ከሳሙና የተቀረጸ፣ አሁንም በትንሹ የሚሸት አለ። ጥግ ላይ ከትምህርት ቤት የመጣ የፕላስቲክ ቼዝ ቆሟል። በላዩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሣለው ሥዕል፦ ሁለት መኳንንት ሲጫወቱ፣ ዙሪያቸውን የቆመው ሰው ሁሉ እጁን እያወጣ ሲመክር። ሠዓሊው የሚያሸንፈውን ከነሙሉ ፊቱ፣ የሚሸነፈውን እንደ ይሁዳ በጎን በአንድ ዓይን ሥሎታል። በዚያ ጉዞ መጀመሪያ የሳቅሁት እዚያ ነው።

በሁሉም ላይ ስስ አቧራ አለ። ጎብኚ ከመጣ ቆይቷል።

አባቴ ጋሽ ይርዳውን ደግፈን እንድናመጣቸው ጠየቀን። ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። አባቴ ቀዩን ገበታ አነጠፈና የአያቴን ቀንዶች ደረደረ። ሰንጠረዥ እንደ ቼዝ ተራ በተራ አይጀመርም። መጀመሪያ ወረራ ነው፦ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ።

አባቴ አንድ መደቅ ገፋና ጠበቀ። ጋሽ ይርዳው በግራ እጃቸው፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ገፉ። አባቴ አንድ ገፋና እንደገና ጠበቀ። ጋሽ ይርዳው ቀና ብለው አዩት። ፈገግታው ጠፍቷል። ግንባራቸው ተቋጠረ። በግራ እጃቸው ገበታውን መቱት።

«አት… ጠብቀኝ» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ ገበታው ቀረቡ። አባቴ ሁለቱን እጆቹን አውጥቶ በጥድፊያ ማሰለፍ ጀመረ። ጋሽ ይርዳውም በአንድ እጃቸው ተከተሉት፤ ቀንድ ይጥላሉ፣ ያነሣሉ፣ ያጉረመርማሉ። መጀመሪያ የበሉትም እሳቸው ናቸው፤ የአባቴን ፊል። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ተጫወቱ። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸውን ትተው መጥተው ከጋሽ ይርዳው ኋላ ቆመው «ደሩን አንሡት ጋሼ፣ ደሩን» ሲሉ ዋሉ። አባቴ አሸነፈ። ጋሽ ይርዳው በቁጣ ንጉሣቸውን ገፍተው ጣሉና ወዲያው እንደገና መደርደር ጀመሩ።

«ከታመሙ ወዲህ ተናደው አያውቁም» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ፤ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ «አይዘጋም» አላቸው። «ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ።»

ግቢ ውስጥ ለብቻው ያዝኩት። «መድኃኒቱ ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ አባዬ።»

«እዚህም ሆስፒታል አለ።»

«መድኃኒቱ ከሌላቸውስ? መንገዱ ጭራሽ ቢዘጋስ?»

«ባሕር ዳርም ቢሆን ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ሳይ ነው የማድረው» አለኝ። ከእናቴ ሞት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው። 

ስመለስ

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ተመለስኩ፤ በዚያው በአንበሳሜ መንገድ። ከረጢቱም መድኃኒቱም እዚያ ቀርተዋል፤ እጆቼ የሚይዙት አጥተው ጉልበቴ ላይ ተቀመጡ። ፍተሻው ካለበት ስንደርስ ድንጋዩ ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ሰው የለም። ጎጆዋ ጣሪያ የላትም። ሹፌሩ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ሌላው ወገን አየ። ያ ቀይ ዓይን ያለው ሰውና ያ አባቴን ደግፎ ያወጣው ፈታሽ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ያኔ አለማመስገኔ እስከ ሐሙሲት ድረስ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ቤት ገብቼ ስልክ ሞከርኩ። በማግሥቱም ሞከርኩ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ሰው ሳስተናግድ እንኳ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አባቴ ራሱ ደወለ። መድኃኒቱን ሆስፒታሉ ውስጥ ማግኘቱን ነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያተኛ ሲበዛ፣ ቤቱን እንደሚከፍት፣ ሐጂ ኑሩ የሚመክሩት ሁሉ ስህተት እንደሆነ፣ ጋሽ ይርዳው ሁለት ጊዜ እንዳሸነፉት ነገረኝ። ከበስተኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«መቼ ትመጣለህ?» አልኩት።

«መንገዱ ሲከፈት» አለኝ።

መንገዱ ከተከፈተ ሳምንት ሆኖት ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

«እሺ አባዬ» አልኩት። «ሲከፈት።»