አንዷን ስትጎትት

ሥራዬ ከእርሾ ጋር ነው ስል እናቴ ትስቃለች። ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ጠላ ጠምቃ ያሳደገችኝ ሴት ለእርሾ ብሎ ዩኒቨርሲቲ መግባት አይገባትም።

እርሾ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች አሉ፤ የየራሳቸውን ፕሮቲን ያሠራሉ። የብዙዎቹ ፕሮቲኖች ሥራ ግን አይታወቅም። እኔ ደግሞ አንድ ሥራ አውቄ የሚሠራውን ፕሮቲን አጥቼ ነበር። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ እጀታ ያለ ነገር የተበጀለት እርሾ አለን። እርሾውን ፈጭቼ ፕሮቲኑን በእጀታው ጎትቼ አወጣና ሥራውን ይሠራ እንደሆነ አያለሁ።

አንድ ጂን ስፈልግ ሁለት ወጡ። አማካሪዬ "ዕቃ በደንብ አላጠብሽም፤ ተነካክቶብሻል" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቴም ሁለት። ክረምቱ ሳያልቅ ሠሪውን ካላገኘሁ የመመረቂያ ሥራዬ ሊሰረዝ ነው። በንዴት አለቀስኩ።

ቅዳሜ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ደንበኛ እናቴን ልትጠራ መጣች። ለማኅበር የጠነሰሰችው ጠላ አልፈላ ብሏታል። እናቴ ነጠላዋን ስታነሳ ጎረቤታችንም ከጓሮ ብቅ አሉ። ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ አብረው ነው የሚጠምቁት፤ ጌሾና ጥንስሱ የእናቴ፣ አሻሮና ቂጣው የእሳቸው። አንዷ የሌላዋን አትነካም።

"እኔ እኮ የፈለግሁት እሷን ነው" አለች ደንበኛዋ እየሳቀች።

"እሷን ከጎተትሽ እኔም እመጣለሁ" አሉ ጎረቤታችን። "ብቻዋን ምን ልትሆንልሽ!"

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

በቀጣዮቹ ቀናት አንደኛው ጂን የጠፋበትን እርሾ ሞከርኩ፤ ሥራው ቆመ። ሌላኛው የጠፋበትንም ሞከርኩ፤ ቆመ። ለካ ፕሮቲኖቹ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ስጎትት ሌላው ይከተላል። አማካሪዬ ውጤቱን ሁለቴ አነበቡና "በድዬሻለሁ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸውን የማከብረው በዕውቀታቸው ብቻ አይደለም። ማን እንዳነቃኝ ሲጠይቁኝ የሁለቱን ሴቶች ነገር አጫወትኳቸው።

ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ልጀምር ስል በሩ ላይ ጥበቃው "የተመዘገበው አንድ ሰው ነው" ሲል ሰማሁ። እናቴና ጎረቤታችን አዲስ ነጠላ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። ያስመዘገብኩት እናቴን ብቻ ነበር። እኔው ራሴ! እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አማካሪዬ ማንነታቸው ሳይነገራቸው ገባቸው። "ሁለቱንም አስገባ" አሉት። ወንበር ስላልበቃ የራሳቸውን ለጎረቤታችን ለቀቁና እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።