የጋሼ ማግኔት

በዚህ ክረምት ያረፈው ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ያገለገለ መኪና ሊያይ ሲሄድ ገና ሰላም ሳይል ማግኔት ከኪሱ ያወጣ ነበር። ቀለሙን እንዳትጭር በመሐረብ ጠቅልሎ በሩ ላይ ያስጠጋታል። ከተለጠፈች ብረት ነው፤ ከወደቀች ከቀለሙ ስር ስቱኮ፣ የዝገት ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን፣ አለ ማለት ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ ሻጩን ከቤተ ክርስቲያን እናውቀው የለ?" ስለው፣

"ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ በሩን አላውቀውም" ይለኝ ነበር።

ዝገት የበላት አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠራት። የግራውን በር የጨረሰው ታሞ ሳለ ነው።

"ስቱኮ ለጥፍበትና ተገላገል። ማን ያያል?" አልኩት።

"አንተ። በመጠርጠር አንተ ከኔ ትብሳለህ" አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ልሸጣት ብዬ ገዢ መጣና "ሁሉም ብረት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው የሠራት ብዬ አፌን ሞልቼ ልመልስ ስል ያ በር ትዝ አለኝ። የሞተ ሰው መጠርጠር ነውር ነው፤ ግን ጠረጠርኩ። ማግኔቷን ጋራዡ ውስጥ ከተሰቀለው የጋሼ ኮት ኪስ አውጥቼ አስጠጋኋት። በሩ ከእጄ ነጥቆ ያዛት።

ገዢውን አልሸጥም ብዬ ሸኘሁት። ማግኔቷ ከነመሐረቧ እዚያው በሩ ላይ ናት። ወደ ኪሱ የሚመልሳት የለም።