ወድቃ የማታውቅ ልጅ

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለአንተ ለምታነበኝ ልንገርህ፤ ብቻ ቶሎ አትፍታኝ።

በጤና መኮንንነት ቆቦ በተመደብኩ በዓመቱ ዘይነባ የምትባል የሮቢት ገበሬ የሰባት ዓመት ልጇን ሀያትን አመጣችልኝ። ከልጅቷ ጸጉር ተነስቶ ወደ ቅንድቧ የሚወርድ ስርጉድ ያለ መስመር አየሁ። ስነካው እንደ ደረቀ ጠፍር ጠንክሯል። «ወድቃ ነው?» አልኩ።

«ወላሂ ወድቃ አታውቅም። ዝም ብሎ ነው የወጣባት» አለች።

እኔ ካርዱ ላይ «በመውደቅ የመጣ የቆየ ጠባሳ» ብዬ ጻፍኩ። ወረፋ በዝቶብኝ ነው ልበል? አልልም። የሴትዮዋን ቃል ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

መስመሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። በመጡ ቁጥር በማስመሪያ እየለካሁ በግል ደብተሬ ያዝኩ። አራት ሳንቲሜትር፤ በኋላ አምስት። ጠባሳ ያድጋል እንዴ? ካልወደቀችስ ምን አመጣው? መጽሐፍ ሳገላብጥ አገኘሁት፦ ቆዳን የሚያደርቅ ብርቅ ብግነት፤ በሰይፍ የተመታ ያስመስላል፤ አንዳንዴም አንጎል ድረስ ዘልቆ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስታ! እንቆቅልሽ እንደፈታ ልጅ ፈነደቅሁ። ካርዱን አላረምኩም፤ ልጅቷንም ወደ ሐኪም አልላክኋትም። የት እንደሚደርስ ማየት ፈለግሁ። እኔ ነኝ ማየት የፈለግሁት።

ሀያት በዘጠኝ ዓመቷ ክፍል ውስጥ አረፋ ደፍቃ ወደቀች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስልካት ስህተቴ እንዳይታወቅ ብዬ ያንኑ የካርዱን ቃል ገለበጥኩ። እነሱም አምነው፣ የድሮ የጭንቅላት ጉዳት ያመጣው ነው አሉ። አባትየው ታዲያ በዘይነባ ላይ ተነሳ፤ «ማሽላ ስትጠብቂ ከማማው ላይ ጥለሻት ነው፤ ለምን ደበቅሽኝ?» ይላት ጀመር።

አንድ ቀን ብቻዋን መጣች። «ዶክተር፣ አንቱ ጽፈውታልና ያውቁ ይሆናል። መቼ ነበር የወደቀችው? እኔ ማስታወስ አቃተኝ» አለችኝ።

«ልጅ አይደለች፣ ትወድቃለች» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ባለፈው ወር እውነቱን ለሆስፒታሉ ጻፍኩ። ለቆዳዋም መድኃኒት ተጀመረላት፤ የጠፋውን ሁለት ዓመት ግን ማን ይመልሰዋል? ለዘይነባ ግን እውነቱን የነገራት የለም፤ ልጇን የጣለችበትን ቀን ዛሬም ትፈልጋለች።

ነገ ሮቢት እወርዳለሁ። ይቅርታ በመለመን አልጀምርም፤ ያ ለእኔ ነው የሚጠቅመው። ባሏ ባለበት ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የራሷን ቃል እመልስላታለሁ፤ ወድቃ አታውቅም።