ድምፅ የነሳን ኮምፒውተር

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን የመጣ ጠጋኝ የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሽፋን ፈትቶ ሲያበራው፣ ለዓመታት ሳይነካ የኖረ አቧራ በሙቀት ሲጠበስ የሚሰጠው ያ ደረቅ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የያዝኩትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቆሜ ቀረሁ። ሌሎቹ «መስኮት ክፈቱ» እያሉ ያስላሉ፤ እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍላችን፣ ከአክስቴ ከዘሀራ ጋር ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ልቤ እንደዚያን ጊዜው ይመታ ጀመር። ለአቧራ!

ኮምፒውተሩ ቤታችን የገባው በክረምት ነው። ዘሀራ የአባቴ የመጨረሻ እህት ስትሆን፣ ያን ሰኔ የኮምፒውተር ዲፕሎማዋን ይዛ ከእኛው ጋር ትኖር ነበርና፣ አባቴ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ እየጻፈች ትሥራበት ብሎ ከአንድ ከሚዘጋ ቢሮ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በጋሪ አስጭኖ አመጣላት። እናቴ ገና ሳይበራ ዳንቴል አለበሰችው። ዘሀራ ከጓደኛዋ በተዋሰችው ሲዲ አዲሱን ዊንዶውስ ጭናበት ያ አረንጓዴ ኮረብታ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሁላችንም አጨበጨብን፤ ድምፅ ግን የለም። ውስጡ የተሰካችው የድምፅ ካርድ፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የምትረዝም አሮጌ ሰሌዳ፣ በዕድሜ ኮምፒውተሩንም የምትበልጥ ነበረች። አሮጌው ዊንዶውስ ያውቃት ነበር፤ አዲሱ ጭራሽ አላያትም።

ሌላ ቤት ቢሆን «ለደብዳቤ መጻፊያ ድምፅ ምን ያደርጋል» ተብሎ ይተው ነበር። በእኛ ቤት ግን አባባ ነበሩ።

አባባ የምንላቸው አያቴን ነው። በሰፈራችን መንዙማ አውጪ ከተባለ እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ያወጣሉ፣ ድቤው ይመታል፣ ጀመዓው ይቀበላል፣ በሕይወታቸውም ተቀባይ ሆነው ተቀምጠው አያውቁም ይባል ነበር። ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጉሮሯቸውን ታመው፣ በሽታው ሲለቃቸው ድምፃቸውን ይዞባቸው ሄደ፤ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መውሊድ ሲመጣ፣ ጀመዓው ሳሎናችን ሲሰበሰብ፣ እሳቸው ውስጠኛው ክፍል ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኙ ነበር። በሁለተኛው መውሊድ ሻይ ይዤላቸው ገብቼ፣ ተኝተዋል ስል ዓይናቸውን ገልጠው ግድግዳውን ሲያዩ አገኘኋቸው፤ ብርጭቆውን አስቀምጬ ሮጥኩ።

ድምፃቸው ያለበት ካሴትም አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ በደህናው ጊዜ የቀዳቸውን ሌሎቹን «ሰምቼ ልመልስ» ባዩ ሁሉ እየወሰደ ጨርሷቸዋል። የቀረችው አንዲቷ ደግሞ ክሯ ሳስቶ፣ ቴፑ ሁለት ጊዜ በልቷት፣ በእርሳስ እየጠመዘዝን አድነናት ነበርና፣ አባቴ ሦስተኛውን አትተርፍም ብሎ በመሀረብ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎባት ነበር። የዘሀራ ሐሳብ ካሴቷን አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢሰማ ምንም አይሆንም።

«አባባ» አለቻቸው አንድ ቀን ከዙህር ሶላት መልስ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ለመውሊድ ድምፅዎን አሰማዎታለሁ። የዚያን ቀን ሳሎን ነው የሚቀመጡት።»

አባባ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቁመው ረጅም ጊዜ አዩዋትና በሹክሹክታቸው «ኢንሻአላህ» አሉ። አባቴ ደረጃው ላይ ጠርቶ ተቆጣት። «ምነው አንቺ ልጅ፣ የማትችይውን ቃል ለሽማግሌ ትገቢያለሽ? ሳይሆን ቢቀር ከዚያ ግድግዳ ማን ይመልሳቸዋል?»

ዘሀራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም ረሳች። ካርዷን ነቅላ ፒያሳ ወዳለ ጠጋኝ ስትወስዳት «ይችን ጣያትና ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጪ» አላት። በሰው በሰው አስልከን አዲስ አስመጣን፤ የመጣችው ካርድ ግን የእኛው ማስገቢያ ውስጥ አልገባ አለች። አሮጌውን ዊንዶውስ እንዳንመልስ ሲዲው የለንም። ዘሀራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ «የማያውቁትን ሁሉ የተበላሸ ነው ይላሉ!» እያለች ከራሷ ጋር ትጣላ ነበር፤ እኔም የማላውቀውን ጠጋኝ አብሬ እጣላው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይም ረግፎ፣ ጥቅምት ሲገባ ነው ዘሀራ አንድ ነገር ትዝ ያላት። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ገመዶቹ በአንድ ፌስታል ነበሩ፤ ከገመዶቹ ጋር ሥዕልም ጽሑፍም የሌለባት አንዲት ሲዲ ነበረች። ያች የካርዷ ሲዲ ሳትሆን አትቀርም። አልጋ ሥር ብንፈልግ የለችም፣ ሱቁን ብናገላብጥ የለችም። ዘሀራ እናቴን ጠየቀቻት።

«ያች የምታብረቀርቀዋ?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ እየቀነሰ፣ «የተበላሸ የዘፈን ሲዲ መስላኝ... ለወፍ ሰጠኋት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆላ ድባ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ የሚመጡ አያ ደሴ የሚባሉ የአባቴ የጥንት ደንበኛ ነበሩ፤ ማሽላዬን ወፍ ጨረሰው እያሉ ሲያማርሩ እናቴ ሰምታ፣ በፀሐይ እያብረቀረቀች ታባርርልዎት ብላ ሰጠቻቸው። ያኔ ሥራዋን የጨረሰች ሲዲ ሁሉ ዕጣዋ ይኸው ነበር፤ ወይ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፣ ወይ ማሳ ትጠብቃለች። ዘሀራ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ለቅሶ ሆነባት። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም፤ በማግስቱ ሁለት የተበላሹ ሲዲዎች ለምትክ ይዘን፣ ሚኒባስ ተሳፍረን ቆላ ድባ ወረድን።

ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነበር። አያ ደሴ መንገድ እየመሩን መሀል ስንደርስ፣ ያች የእኛ ሲዲ በቀይ ክር ከእንጨት ላይ ተንጠልጥላ፣ ነፋሱ ባዞራት ቁጥር ፀሐይዋን በየዛላው ላይ እየረጨች ትሽከረከራለች። ዘሀራ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ምነው ዘሀራ፣ ለዚች ብላችሁ ነው ከጎንደር የመጣችሁት?» አሉ አያ ደሴ። «ሸጋ ጠባቂ እኮ ነበረች፣ ወፉ አልፎባት አያውቅም።»

«አያ ደሴ፣ ሁለት ጠባቂ አምጥቼልዎታለሁ» አለች ዘሀራ። «ይችን ግን አባባ ይፈልጓታል።»

የአባባን ስም ሲሰሙ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሲዲዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጧት። ባለቤታቸው የቆላችልንን ሽንብራ ኪሳችን ሞልታ ሸኘችን፤ እስከ ጎንደር ድረስ እየቆረጠምን፣ ሲዲዋን በተራ ጉልበታችን ላይ እያስቀመጥን ተመለስን።

ሲዲዋን ፀሐይና አቧራ ጭረት በጭረት አድርገዋታል። በሳሙና አጥበን፣ ከሱቁ ባወጣነው ሻሽ ከመሀል ወደ ዳር ጠርገን ስናስገባት ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል፣ ይተፋታል፣ እንደገና ያጉረመርማል። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ተከፈተች! ተቃቅፈን ዘለልን። ደስታችን ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ዊንዶውሱን ከካርዷ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ሲዲዋ ውስጥ ቢኖርም፣ የተሠራው ለአሮጌው ዊንዶውስ ስለነበር አዲሱ አልቀበልም አለ።

የቀረን ሲዲዋ ውስጥ ያገኘነው አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። በጋው ሲገባ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ መዝገበ ቃላት መሀላችን አስቀምጠን ያን ጽሑፍ መስመር በመስመር ማንበብ ሥራችን ሆነ፤ ዘሀራ ታነባለች፣ እኔ ቁጥሩን ሁሉ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። ወራት ፈጅቶብን አንድ ቦታ ላይ ደረስን። ካርዳችን፣ ይላል ጽሑፉ፣ እንደ አንዲት ሌላ የታወቀች ካርድ ሆና መሥራት ትችላለች። የዚያች የታወቀችው ካርድ ድራይቨር ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ነበር! ዘሀራ ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ፣ «ይችው ናት» ብላ መረጠችለት። አጥፍተን ስናበራ የካርዷ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ አየነው። አጠገቡ ግን ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ቆሟል፤ ድምፅም የለም።

ያን ቀን ዘሀራ አለቀሰች። ለመውሊድ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር፣ አባባም በየቀኑ ወደ ክፍላችን ብቅ እያሉ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ አይተውን ይመለሱ ነበር። አለመጠየቃቸው ነው የሚያቃጥለው። እኔ የማደርገው ሳጣ ደብተሬን ከፍቼ፣ ዘሀራ ከኮምፒውተሩ ላይ እያነበበች ያስጻፈችኝን ቁጥሮች ከሲዲዋ ቁጥሮች ጋር ማመሳከር ጀመርኩ።

«እቴቴ» አልኳት፣ «አምስት ቁጥር ሁለት ቦታ ነው ያለው። የድምፅ ካርዷም አምስት፣ ይች ሞደም የምትባለዋም አምስት።»

ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ አየችው። ሁለቱ ካርዶች አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲጋፉ ከርመዋል! ሞደሟ ለስልክ መስመር የምትሆን ናት፤ እኛ ቤት ደግሞ ስልክ አልነበረም። ዘሀራ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ካቻቢቴውን አንስታ ሽፋኑን ፈታች፣ ሞደሟን ነቅላ አልጋው ላይ ወረወረቻት፣ ሽፋኑን ሳትመልስ አበራችው። ያ የአቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ኮረብታው መጣ። ከኮረብታው ጋር ከሁለቱ ስፒከሮች ያ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያሰማው አጭር ዜማ ፈነዳ!

ከጩኸታችን የተነሣ አባቴ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት፣ ጨርቅ የሚለካበትን የእንጨት ሜትር እንደያዘ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣ። ሦስት ጊዜ አጥፍተን አበራንለት። በአራተኛው ራሱ «እስቲ ድገሚው» አለ።

ካሴቷን ለመቅዳት ዘሀራ አልቸኮለችም። የካርዷ ቀዳዳዎች ሁሉም ምልክት የሌላቸው ጥቁር ነበሩና ትክክለኛውን በአንድ የሠርግ ካሴት ሞክራ ለየች። ከዚያ አባቴ የአባባን ካሴት ከመሀረቡ ፈትቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ በራሱ እጅ ቴፑ ውስጥ አስገባት። የአባባ ድምፅ፣ ያ ጎርናናው ድምፅ፣ ከጭርጭርታው መሀል ወጣ፤ በኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴው መስመር አብሮት ይዘላል። አንደኛው ገጽ በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በመጨረሻው ግጥም መሀል፣ ክሩ ተበጠሰ። አባቴ ጭንቅላቱን ያዘ። ዘሀራ ገርጥታ፣ የተቀዳውን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠችና «ያለውን ይዤዋለሁ» አለች።

መውሊድ በዚያ ዓመት የዋለው በበጋው መገባደጃ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ጀመዓው ሳሎናችንን ሞላው፤ አባቴ አባባን እጃቸውን ይዞ አምጥቶ ከሰዎቹ መሀል አስቀመጣቸው። ዘሀራና እኔ ከመጋረጃው አጠገብ ከኮምፒውተሩ ጋር ነበርን። እሷ ማውሱን ስትነካ አባባ አወጡ። አሁን የተቀመጡት አይደሉም፣ የያኔዎቹ። «ያ አላህ!» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ድቤ መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ቆይቶ መታ፣ ጀመዓውም ተቀበለ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በሁለተኛው ግጥም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለራሳቸው ድምፅ ከሰው ጋር አብረው እየተቀበሉ ነበር። ዘሀራ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ክሩ የተበጠሰበት ቦታ ስንደርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። አባቴ ዝምታውን ለመሸፈን ለድቤ መቺው ምልክት ሊሰጥ ሲነሣ፣ አባባ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙት። ከዚያም የጎደለውን ስንኝ በሹክሹክታቸው አወጡት። ድቤ መቺው መዳፉን ቆዳው ላይ አሳርፎ ዝም አሰኘው፤ ያ ሁሉ ወንድ ወደ እሳቸው አጎንብሶ፣ ድምፁን ወደ ድምፃቸው ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ ተቀበላቸው። ግጥሙን እንዲህ ጨረሱት። አባቴ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አባባ ከዚያ በኋላ ሦስት መውሊድ ሳሎን ተቀመጡ። ዘሀራ ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሌሎች ልጆችን ኮምፒውተር ታስተምራለች። ያ ቅጂ በሁላችንም ስልክ ላይ አለ፤ ልጆቼ ሲፈልጉት በአንድ ጣት ይነኩታል፣ ምንም ሳያስቸግር ይጮኻል፣ ስንኙ መሀል ሲቆረጥ ስልኩ ወደ ሌላ ይዘላል፣ ልጆቹም አብረውት ያልፋሉ። ኮምፒውተሩ ያን የመውሊድ ቀን የአባባን ሹክሹክታ መቅዳትም ይችል ነበር፤ ካርዷ የማይክ ቀዳዳ ነበራት፣ ዘሀራም እዚያው ነበረች። ሁላችንም ስንሰማ ማንም አልቀዳውም። አሁን ልጆቼ የሚያዩትን ሁሉ በስልካቸው ይቀዳሉ፣ እኔም አልከለክላቸውም። ያን ሹክሹክታ ግን አሰሚን ሲሉኝ፣ ወደ እኔ ጠጋ በሉ ብዬ፣ ስንኙን በራሴ አፍ፣ ዝቅ አድርጌ እላቸዋለሁ።