የብርቱካኗ በርሜል

ደባርቅ መናኸሪያ አንዲት ሴት ብርቱካን ስትልጥ ሽታው ደረሰኝና እግሬ ቆመ።

አያቴ ጣሊያን በሠራው ቪላ አትክልተኛ ነበሩ። ብርዱ ሲጀምር በበርሜል የተተከሉትን ብርቱካኖች በግቢው ወዳለው የመስታወት ቤት እያስገቡ ከአመዳይ ያተርፉ ነበር። ግቢው ተሸጦ መስታወት ቤቱ ሲፈርስ፣ የቀረችውን አንዲት ብርቱካን በጋሪ ጭነው ወደ ቤት አመጧት። በራችን ግን ለበርሜሉ ጠበበ።

«እንግዲህ ጎንበስ ብላ ትግባ፣ አባባ!» አለች እናቴ እየሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው ብርቱካኗን ደጅ ላይ አለበሷት።

ጠዋት ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። አያቴ ግንዷን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ።

«ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አላት። ዓይኔ ደክሟል፤ እዪልኝ ልጄ።»

ቡናማ ነበር። የተፋቀውን በመዳፌ ስሸፍነው ገባቸውና ትንሽ ዝቅ ብለው ፋቁ። በየጠዋቱ እንዲሁ ዝቅ እያሉ፣ በመጨረሻ ጥፍራቸው አፈር ነካ።

«እንግዲህ ከዚህ በታች ናት» አሉ።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። በርሜሉ አሁንም ደጃችን ላይ አለ፤ እናቴ ዕቃ ያለቀለቀችበትን ውኃ ሌላ ቦታ አትደፋም። ምንም አልበቀለም ትለኛለች። እኔ በዚያ ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም።